ጦሳ፣ የጎፍ፣ ቦረና ሳይንት፦ ጂኦካሽ ልናስቀምጥ ነው፤ ለስካውቶቹ እንንገር ወይስ ዝም እንበል?

የጦሳ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የምንወጣ ጓደኛሞች አለን። ጦሳ እንወጣለን፣ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ፎቶ እንነሳለን፣ ሲመቸን የጎፍ ደን ድረስ እንሄዳለን። አሁን ደግሞ ጂኦካሺንግ ልንጀምር ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ወረቀትና እርሳስ ያደርጋል። የሆነ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቦታውን በጂፒኤስ ለክቶ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ይፈልገዋል። ሲያገኘው ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል። ዕቃው ካሽ ይባላል። ጨዋታው የተጀመረው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሉን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት፣ ኦሪገን ውስጥ አንድ ሰው ጥቁር ባልዲ ጫካ ውስጥ አስቀምጦ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ካሽ አለ። ወሎ ብዙ የሚታይ ነገር እያላት ለምን እንቅር?

ያሰብነው ጦሳ ላይ፣ የጎፍ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሲሳካልን ደግሞ ቦረና ሳይንት ፓርክ ነው። ጥያቄዬ ስለ ስካውቶቹ፣ ስለ ደንና ፓርክ ጥበቃዎቹ ነው። አስቀድመን እንንገራቸው ወይስ አስቀምጠን ዝም እንበል? አንዱ ጓደኛችን «ከጠየቅክ እምቢ ትባላለህ፣ ካልጠየቅክ ማን ያውቃል?» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ገራዶ_ማዶ

ጓደኛህ ጀግና ነው። እስኪያዝ ድረስ።

እስቲ አስበው። የከተማ ልጆች ስልክ እያዩ ዛፍ ሥር ይጎነበሳሉ፣ ድንጋይ ይገለብጣሉ። ያየ ገበሬ ምን ይላል? «እነዚህ ጣልያን የቀበረውን ወርቅ ሊያወጡ ነው የመጡት» ይላል። እናንተ ሄዳችሁ ሳትጨርሱ ቦታው በዶማ ይታረሳል።

ዕቃውን ሲያገኘው ደግሞ ይብሳል። ትንሽዬ ብልቃጥ፣ ውስጧ የተጠቀለለ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ የሰው ስም ተራ በተራ። ያውም አድባር ዛፍ ሥር! ወንድሜ፣ ይሄ እኛ ዘንድ መተት ነው የሚባለው። ስምህ ካለበት ጉዳይህ ሸኹም ቄሱም ዘንድ ይደርሳል።

የጦሳ_ልጅ

ሃሃ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ግን እውነትህን ነው፤ አድባር ዛፍና ቤተ እምነት አካባቢ ጭራሽ አንሄድም። ሌላው ግን ተራራ ነው፣ ማን አለበት?

የሐይቅ_ዳር

ቀልዱ ደስ ይላል፤ እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ሐይቅ ከተማ ነው የምኖረው፣ ልጆች አሉኝ። የ2014ቱ ጦርነት በዚህ አልፏል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም የሆነውን ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ለልጆቻችን የምንላቸው አንድ ነገር ነው። «የማታውቁትን ዕቃ አትንኩ፣ አትክፈቱ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ።» ትምህርት ቤትም ይኸው ነው የሚነገራቸው። ያልፈነዳ ነገር ነክተው እጃቸውን ያጡ፣ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ።

አሁን እናንተ የምታመጡት ጨዋታ «የተደበቀ ዕቃ ፈልጋችሁ ክፈቱ» የሚል ነው። ለእናንተ ጨዋታ ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ግን የእናንተን ሳጥን ከሌላው በምን ይለየዋል? አንዱን ከፍቶ ብስኩትና እርሳስ ካገኘ ቀጣዩንም ይከፍታል። እኔ ጨዋታውን አልጠላሁትም። ግን ድብብቆሹን ወዲያ በሉት።

የጦሳ_ልጅ

እትዬ፣ ይሄ ከባድ ነው። መልስ የለኝም። ጓደኞቼን አነጋግሬ እመለሳለሁ።

ሚኒሶታ_ወሎዬ

የሐይቋ እህቴ ያለችው ጦርነት ባላየ አገርም ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ካሽ ቦምብ መስሎ መንገድ ተዘግቶ ነበር። የመጣው የፈንጂ ቡድን ሳጥኑን አፈንድቶታል። ከተማ መሀል ነው፣ ካፌ አጠገብ። ሰው ሲጎነበስ ታየ፣ ፖሊስ ተጠራ፣ አለቀ።

እኔ እዚህ ከልጆቼ ጋር ስጫወት ቆይቻለሁ። ስለ ፈቃዱ ጉዳይ ልንገርህ። ድረ ገጹ ላይ ካሽ ስታወጣ ፈቃደኛ ገምጋሚዎች አሉ። ከነሱ ሳያልፍ አይታተምም። ከባለ መሬቱ ወይም ከአስተዳዳሪው ፈቃድ አገኘህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። መቆፈርና መቅበር ክልክል ነው። ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። ሁለት ሳጥኖች ከ161 ሜትር በታች መቀራረብ አይችሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳጥን አናስገባም ብለው ነበር። በኋላ ነው ውሳኔውን ለየፓርኩ ኃላፊ የተዉት። የክፍለ ግዛት ፓርኮች ብዙዎቹ ቅጽ ያስሞላሉ፣ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ እንዲለጠፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጓደኛህ «ካልጠየቅክ ማን ያውቃል» ያለው በጨዋታው ሕግም አያስኬድም።

ለገና ስመጣ እኔም አንድ ላስቀምጥ አስቤ ነበር። ግን እሱም አይፈቀድም። ያስቀመጠ ሰው እየሄደ ማየት፣ ወረቀት መቀየር፣ የተሰበረውን ማንሳት አለበት። ባሕር ማዶ ሆኜ አልችልም። ይልቅ ጥሩ ዕቃዎች ይዤላችሁ ልምጣ። ውስጡ የሚታይ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ አለ።

ኮምቦልቻ_ፈረቃ

ቆይ ቆይ። ለፕላስቲክ ዕቃ ማመልከቻ? መጀመሪያ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ከዚያ ነገ ተመለስ፣ ከዚያ «በደብዳቤ አምጣ»። ልጁ እስኪፈቀድለት ሽበት ያወጣል። ጦሳ የሕዝብ ተራራ ነው። በግ የሚያግድ ፈቃድ ይጠይቃል?

አዝዋ_አፋፍ

ልጄ፣ በጉን የሚያግደውም ይጠይቃል እኮ። ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጦሳን በደንብ አውቀዋለሁ። ከሩቅ ሲታይ ባዶ ተራራ ይመስላል። ስትጠጋው ግን ይሄ ባሕር ዛፍ የእገሌ ነው። ያ ተዳፋት ከንክኪ ነፃ የተደረገ ነው፣ ሣሩ ታጭዶ ይወሰዳል እንጂ ከብት አይገባበትም። ከሱ ማዶ ያለው ለወጣቶች ማኅበር የተሰጠ ነው። የደቡብ ወሎ ተራራ ሁሉ እንዲህ ነው። ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ ስንት እርከን ተሠራ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ! በእርከን ካብ ውስጥ ሳጥን ለመሸጎጥ አንድ ድንጋይ የሚነቅል ልጅ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከዚያች ቀዳዳ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ቢያንስ ቀበሌውን ጠይቁ። ጥያቄው «የዚህ ቦታ ባለቤት ማነው?» የሚል ይሁን። ወሎ ውስጥ ባለቤት የሌለው ድንጋይ አላውቅም።

ደጋው_ስካውት

እዚሁ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ስካውት ነኝ። ስለኛ እየተወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሳጥኑ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። እየተዘዋወርኩ ድንጋይ ሥር የተጠቀለለ ነገር አየሁ እንበል። አልከፍተውም። አልነካውም። ለኃላፊዬ እደውላለሁ፣ ኔትወርክ ካለ። ከሌለ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እወጣለሁ። ሚሊሻ ይጠራል። እስኪመጡ ድረስ ሰውና ከብት እንዳይጠጋ እዚያው እቆማለሁ። ከሰዓቱ አለፈ ማለት ነው። እኔ እዚያ ስቆም ማዶ ያለው ዛፍ ይቆረጣል። ቆራጩ የት እንዳለሁ ያውቃል። ለእናንተ ቅዳሜ ናት፣ ለኔ ሥራ ነው።

ሁለተኛው እግር ነው። አንድ ሰው ሲያልፍ ሣሩ ይነሳል። ብዙ ሰው ወደ አንዲት ነጥብ ሲሄድ መንገድ ይወጣል። መንገድ ሲወጣ ከብቱ ያንን ይዞ ይገባል። ቀጥሎ ዝናቡ ያንን ይዞ ይወርዳል። ዳገቱ ቁልቁል ነው፣ አፈሩ ስስ ነው። በጂፒኤስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀስቱ ወደጠቆመው ነው የሚሄደው። ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ በአቋራጭ ጓሳውን ሰንጥቆ ይመጣል።

ሦስተኛው እንስሳቱ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ብቻ ነው ያለው፤ ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም ይባላል። እኛ ዘንድ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይወልዳል። ጉድጓዱ ድንጋያማ ቦታ ላይ፣ አለት ሥር ነው። እናንተስ ሳጥን የት ትደብቃላችሁ? አለት ሥር! ሰው ደጋግሞ ከመጣበት ቡችሎቹን በአፉ ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ብርዱ ላይ ማለት ነው። ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ቀይ ቀበሮን የሚጨርሰው ከቤት ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጭላዳ ደግሞ ማታ ገደል ወርዶ ነው የሚያድረው። የገደል አፋፍ ላይ ሳጥን ካለ፣ አመሻሽ ላይ ሰው አፋፉ ላይ ይርመሰመሳል፣ መንጋው መውረድ ያቅተዋል። ለሰውም ጥሩ አይደለም፤ ስልክ እያዩ ገደል አፋፍ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለጤነኛ ሰው አይነገርም።

እምቢ ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ኑ። ግን ቦታውን እኔ ልምረጥ። የት ጎጆ እንዳለ፣ የት ጉድጓድ እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። ከዋናው መንገድ ሁለት እርምጃ የሚርቅ፣ የሚያምር እይታ ያለው፣ ከጥበቃ ቤቱ የሚታይ ቦታ አለኝ። እዚያ ከሆነ ሳጥኑን እኔው አይላችኋለሁ።

ኮምቦልቻ_ፈረቃ

እሺ፣ ስካውቱ ተናገረና ጸጥ አልኩ። ግን ከጥበቃ ቤት የሚታይ ሳጥን ምኑን ጨዋታ ሆነ? ፍለጋው ነው እኮ ደስታው።

ሚኒሶታ_ወሎዬ

መደበቅ ግዴታ አይደለም። ለመድረስ መልፋቱ ራሱ ይበቃል። ድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ካሽ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ፍለጋው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሌላው መንገዱ። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። ፍለጋው 1፣ መንገዱ 4 የሆነ ብዙ አለ። መካነ ሰላም ደርሶ ከዚያ ደጋውን በእግር ወጥቶ ለመጣ ሰው ሳጥኗ ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥለት ምን ይላል?

የጦሳ_ልጅ

ከጓደኞቼ ጋር ተነጋገርን። ያ «ማን ያውቃል» ያለው ልጅ ራሱ የሐይቋን እትዬ ጽሑፍ አንብቦ ዝም አለ። ድብቅ ሳጥን ቀርቷል። ጦሳም፣ የጎፍም፣ ሐይቅም ላይ ሳጥን አናስቀምጥም። ቦረና ሳይንት ላይ አንድ ብቻ፣ ስካውቱ በመረጠው ቦታ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልጆቹ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። ለሌሎቹ ቦታዎች ምን እናድርግ?

አዝዋ_አፋፍ

እንዴ፣ ሳጥን የሌለው ካሽ አለ አይደል? ኧርዝካሽ የሚሉት። በ2004 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ማኅበር ያለበት ነው። ምንም አታስቀምጥም። ሰውየው ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ድንጋዩን ያያል፣ እዚያ ቆሞ ካላየ የማይመልሰውን ጥያቄ ይመልሳል። መልሱን ይልክልሃል። ድንጋይ አይነሳም፣ ናሙና አይወሰድም። እሱም ቢሆን የቦታውን አስተዳዳሪ ፈቃድ ይፈልጋል።

ለዚህማ ወሎ የተፈጠረችለት ናት! እኔ ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስሥል የኖርኩትን ልጆቹ ቆመው ያዩታል። ይህ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሰ፣ እየረጋ ተደራርቦ ነው ተራራ የሆነው። አዝዋ ገደል ላይ ቆመህ ማዶውን ስታይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ «ከቆምክበት ስንት ደረጃ ይታይሃል? የቱ ነው ገደል የሆነው፣ የቱ ላይ ነው እርሻ ያለው?» ጠንካራው ላቫ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ መሀሉ ያለው ለስላሳው ተሸርሽሮ መደብ ይሆናል፤ ገበሬው የሚያርሰው እሱን ነው። ልጁ ይህን በዓይኑ ቆጥሮ ቢመልስ እኔ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ሐይቅ ላይ ደግሞ ስለ ውሃው ጠይቁ። ሐይቅና ሐርዲቦ የተባሉት ሁለቱ ሐይቆች የተቀመጡት መሬቱ ተሰንጥቆ በሰመጠበት ጎድጓዳ ላይ ነው። የሐርዲቦ ውሃ በአንቸርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቅ ግን ዛሬ መውጫ ወንዝ የለውም። ዳሩ ላይ ቆሞ «ውሃው ድሮ እዚህ ድረስ ነበር የሚያሰኝ ምን ምልክት ታያለህ?» ብትለው ዙሪያውን ሲያይ ይውላል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቁጥሩ። የድሮውን የካርታ ሥራ ድርጅት 1፡50,000 ካርታ ይዞ ነጥብ የሚያወጣ አይጠፋም። ያ ካርታ አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ የተሠራ ነው። ስልካችሁ የሚያነበው ሌላ መነሻ፣ ደብልዩ ጂ ኤስ 84ን ነው። ሳትቀይሩ ካሻገራችሁት ከመቶ ሜትር በላይ ይስታችኋል። ጦሳ ላይ መቶ ሜትር ማለት አንዳንዴ ገደሉ ውስጥ ነው።

የጦሳ_ልጅ

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። አዝዋን አንቱ ያዘጋጁልን፤ ጥያቄውን እኛ ድረ ገጹ ላይ እናስገባለን። ስልኩስ በደን ውስጥ አይሳሳትም? የጎፍ ውስጥ ጥዱ ሲበዛ ነጥቡ ይዘልብናል።

አዝዋ_አፋፍ

ይዘላል። ሜዳ ላይ በጥቂት ሜትር የሚስት ስልክ፣ ቅጠል ሲሸፍነውና ገደል አጠገብ ሲሆን እጥፍ ይስታል። ትንሽ ቆማችሁ ይረጋጋ። ሌላ ቀን ሄዳችሁ ድገሙት፣ አማካዩን ውሰዱ። የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ስካውቱ ያለውን ጉዳት ያመጣል። ፈላጊው ሲያጣው ዙሪያውን ሁሉ ይረጋግጠዋል።

ላስታ_አስጎብኚ

ከላሊበላ ነኝ። አስጎብኚ ስለሆንኩ ስለ እንጀራ ላውራ።

አቡነ ዮሴፍ እኛ ዘንድ ነው፤ ከ4200 ሜትር በላይ ነው፤ ጅባራም፣ ጭላዳም፣ ቀይ ቀበሮም አለው። ጥበቃውን የያዘው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ስካውቶቹ እዚያው ተወላጆች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚ ይይዛል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ገበሬው ቤት ሻይ ይጠጣል። ያ ገንዘብ ነው ግጦሹን ትቶ ሣሩን የጠበቀውን ሰው የሚያኖረው። ስልክ የያዘ እንግዳ «እኔ ነጥቡን ይዣለሁ፣ ሰው አልፈልግም» ብሎ በጓሮ ከገባ ግን ተራራው ለማንም ምንም አያስገባም። ስለዚህ መግለጫው ላይ ከመጀመሪያው መስመር «መጀመሪያ ወደ ጥበቃ ቤቱ፣ መግቢያ ከፍለው፣ አስጎብኚ ይዘው» ብላችሁ ጻፉ። የኪሎ ሜትር ወሬ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለ ቅርስም ልበል። ላሊበላ ውስጥ በ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ሳጥን የሚባል ነገር እንዳይታሰብ። በጉድጓዶቹና በዋሻ መቃብሮቹ ውስጥ እጁን የሚሰድ ጎብኚ መቼም አይጠፋም። ደግሞ ሐይቅ ላይ ኧርዝካሽ ስትሠሩ ቦታው እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አይሁን። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ግማሹን ተጫዋች በር ላይ ታስቀራላችሁ።

የሐይቅ_ዳር

ይሄን ያልከው ተባረክ። እኔም ልለው ነበር። ዳሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ዓሣ የሚጠብሱት ልጆች ያሉበት ብትሉኝ ደግሞ ሥራም ይሆንላቸዋል።

ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሚኒሶታ ያለኸው ወንድሜ፣ ቆሻሻ እየለቀሙ የሚጫወቱት አለ ያሉኝ እውነት ነው?

ሚኒሶታ_ወሎዬ

እውነት ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ቀን ተቆርጦ፣ ቦታ ተለይቶ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ሰው ከረጢት ይዞ ይመጣል። ፕላስቲክ ይለቅማል፣ ችግኝ ይተክላል፣ የተበላሸ መንገድ ይጠግናል። ሳጥን አያስፈልገውም፤ የመጣ ሰው መምጣቱን ይመዘግባል፣ እንደ ካሽ ይቆጠርለታል። ከፓርክ ሠራተኞች ጋር መተዋወቂያ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። እዚህ እኔ ካሽ ላስቀምጥ የጠየቅኩት ጥበቃ መጀመሪያ ያወቀኝ ከረጢት ይዤ ነው።

የሐይቅ_ዳር

እንግዲያው ሐይቅ ላይ መጀመሪያ ይሄን አድርጉ። የኛ ቅሬ (ዕድር) ሰው ይወጣል፤ ለዳኛው እኔ እነግራለሁ። ቡናውም በኔ። አቦሉን ሳትጠጡ ከረጢት አትይዙም።

ገራዶ_ማዶ

ቡና ካለ እኔም ተጫዋች ነኝ።

ደጋው_ስካውት

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ስልካችሁ ላይ ነጥብ መያዝ ታውቃላችሁ። ለኛ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው «ከገደሉ በላይ፣ ከኮሶው ዛፍ አለፍ ብሎ» ብለን ነው። ስትመጡ ወጥመድ ካያችሁ፣ አዲስ የተቆረጠ አስታ ወይም ጥድ ካያችሁ፣ የእሳት ጭስ ካያችሁ ነጥቡን ይዛችሁ ለጥበቃ ቤቱ ስጡ። ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት፤ ወጥመዱን ያጠመደውም ፌስቡክ አለው። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድም ነጥቡ በፍጹም አይውጣ። የሞተ ቀበሮ ወይም የሞተ ውሻ ካያችሁ አትንኩ። ራቅ ብላችሁ ፎቶና ነጥብ፣ ከዚያ ወደኛ። በሽታ ገብቶ ከሆነ ቀድሞ ማወቅ ነው የሚያድነው።

አወያይ

የወረቀቱን ጉዳይ ለጠየቃችሁኝ። ቦረና ሳይንት፣ አሁን ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው፣ በክልሉ ሥር ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች በፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አይተዳደርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ደብዳቤ ይዛችሁ እንዳትንከራተቱ። የጎፍ ግን ደን ነው፣ ወረዳውን ጠይቁ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጁን ያላነበበ ያንብበው። ጸጥታውን ደግሞ በዚያው ሳምንት አረጋግጡ። መንገዱ ትናንት ክፍት ነበር ማለት ዛሬም ክፍት ነው ማለት አይደለም። ወረዳው «አሁን አትምጡ» ካለ አትሂዱ፣ ድረ ገጹ ላይም ካሹን ለጊዜው ዝጉት። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አለው።

ከዚህ ክር ውስጥ የሰው ስልክ ቁጥር የለጠፋችሁ ነበራችሁ፤ አንስቼዋለሁ። በውስጥ መስመር ተለዋወጡ።

የጦሳ_ልጅ

ረቂቁ ይኸውላችሁ፣ አርሙልኝ።

«ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ አንድ የጎብኚ መመዝገቢያ ሳጥን ለማስቀመጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ። እኛ በደሴ ከተማ የምንኖር ወጣቶች በፓርኩ ዋና የእግር መንገድ ዳር፣ ጽሕፈት ቤቱ በሚመርጠው ቦታ፣ ውስጡ የሚታይ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ለማስቀመጥ እንጠይቃለን። ሳጥኑ አይቀበርም፣ ዛፍ ላይ በሚስማር አይመታም። በላዩ ላይ ምን እንደሆነና የጽሕፈት ቤቱ ስም በአማርኛ ይጻፋል። ውስጡ መዝገብና እርሳስ ብቻ ይኖራል። በየጊዜው እየመጣን እናየዋለን። ጽሕፈት ቤቱ በማንኛውም ጊዜ አንሱ ካለ እናነሳለን። ቀይ ቀበሮ በሚወልድበት ወራት ቦታው ይዘጋ ከተባለም እንዘጋለን።»

ኮምቦልቻ_ፈረቃ

«ካሽ» የሚለውን አለማስገባትህ ብልህ ነህ። ኃላፊው ገንዘብ ይመስለዋል።

አዝዋ_አፋፍ

ጥሩ ነው። «በየጊዜው» አትበል፤ «በየሦስት ወሩ፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ ወዲያው» በል። ቢሮ «በየጊዜው» ሲል «መቼም አይመጡም» ብሎ ነው የሚያነበው። ክረምት ሲወጣ ማየት ደግሞ ግድ ነው፤ ውሃ አያስገባም የተባለ ዕቃ ሁሉ የወሎን ሐምሌ አይችልም።

የሐይቅ_ዳር

በአማርኛ ብቻ ነው የምትጽፉት? ከሚሴ በኩል የሚመጡም አሉ። በኦሮምኛም ጨምሩበት። ማንበብ ለማይችለው ልጅ ደግሞ የመጽሐፍና የእርሳስ ሥዕል ለጥፉበት። ለቅርብ ትምህርት ቤትም ሄዳችሁ ሳጥኑን ከፍታችሁ አሳዩ። «ይሄ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ ካያችሁ የኛ አይደለም፣ አትንኩ» በሏቸው።

የጦሳ_ልጅ

ሦስቱንም አስገባለሁ። ትምህርት ቤቱ ጋ እኔ ራሴ እሄዳለሁ፤ ስካውቱ አብሮኝ ቢገባ ደስ ይለኛል፣ ልጆቹ እሱን ነው የሚያምኑት።

ደጋው_ስካውት

እገባለሁ። ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ የደረሰበት ቀን ተጽፎ ማኅተም አስደርጉ። ቅዳሜ አትምጡ፣ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነው። የሳጥኑንም ፎቶ አያይዙ፣ ከጎኑ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጣችሁ አንሱት። ኃላፊያችን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህላል?» ብሎ ነው።